የጋባርዲን ከረጢቶች

«ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው የለም?» አለ ኃይለኪሮስ፤ ወረቀቱን ሊሰጣት የዘረጋውን እጅ መልሶ ሰበሰበ። ደብሪቱ እፊቱ ቆማለች። እሱ ግን በትከሻዋ አሻግሮ በሩ ጋ ሌላ ዘመድ ቆሞ እንደሆነ ያያል፤ እሷን እንደ መጋረጃ ነው ያለፋት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን ዓመት ከየካ ተራራ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ኖራ፣ በዚያው በጀርባዋ አንዲት ልጇን አስተምራለች፤ ያቺ ልጅ ዛሬ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ መዝገብ የምትይዝ፣ ሰው ተሰልፎ የሚያናግራት ሴት ናት። ስለ ሸክም ደብሪቱ የማታውቀው ነገር ካለ፣ ይህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬም ገና አልተማረውም። «እኔ አለሁ» አለች።

«አሉ፣ እማማ። ግን ይኼ በየቀኑ የሚሞላ ነው። ስንት ጊዜ አነሳች፣ ስንት ኪሎ...»

«ማየት እችላለሁ፤ መቁጠርም እችላለሁ። የማልችለው መዋሸት ነው። እሱን የተማረችው ልጄ ሞልታ አምጥታልሃለች።»

ይህን ሊክድ አልቻለም። ልጇ የሺአረግ በየመስመሩ ምልክት አድርጋ ያመጣችው የስድስት ሳምንት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም። ሚዛኑ ግን ሌላ ይናገራል። ዘጠና ሦስት ኪሎ የነበረችው ሴት ዘጠና ስድስት ገብታለች። ስኳሯ ወጥቷል። በግራ እግሯ ጣቶች መሀል ያለው ቁስል አምስት ሳምንት ሆኖት አልደርቅ ብሏል። ኃይለኪሮስ ከጦር ግንባር ቆስለው የመጡ ወታደሮችን እንደገና መራመድ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ሐሙስ ሐሙስ በጤና ጣቢያው የኋላ አዳራሽ፣ ዱሮ የዱቄት መጋዘን በነበረው፣ ስኳር ያለባቸውንና ሰውነታቸው የከበዳቸውን አሥራ አንድ ሰዎች ሰብስቦ ሸክም ያስነሳቸዋል። ለዚህ የተገዛ ብረት የለውም። ጠጠር የተሞላ የዘይት ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ ከቤቱ ሰፍቶ የሚያመጣው የአሸዋ ከረጢት፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። «ስኳሩን የሚበላው ጡንቻ ነው» ይላል ዘወትር፤ «ጡንቻው ከተኛ ስኳሩን ማን ይብላው? ደም ውስጥ ይከማችና እሱ በተራው ዓይንና እግር ይበላል።» ደብሪቱ ይህችን ንግግር ትወዳታለች። በማንም ባታምን በዚህች ታምናለች። ዛሬ ግን ኃይለኪሮስ የሺአረግ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እስክትል ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ሌላ ነው። «ሦስት ወር ነው የምሰጣት። በዚሁ ከቀጠለች እግሯ ነው የሚቆረጠው። ጀምሮ የሚተው ሰው ብዙ ነው፣ እማማ፤ አብዛኛው የሚተወው ሸክሙ ከብዶት አይደለም፣ ለምን እንደሚያነሳ ሲጠፋበት ነው። እሷ ደግሞ ከሁሉም የበረታችው ነበረች። የሆነ ነገር ሆኗል።»

የሆነውን ነገር ሳያውቅ የነገራት ሙክታር ነው። ሙክታር ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ከቡድኑ ሁሉ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ቆርቆሮውን ቢስሚላህ ብሎ አንስቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ መልሶ ካስቀመጠ በኋላ ላቡን እየጠረገ ወደ ደብሪቱ ዞረ። «እኔንማ እዚህ ያቆየኝ ይኼ ሚዛን ነው፣ እማማ ደብሪቱ። በየሳምንቱ ይሰድበኛል፤ ለሱ መልስ ልሰጥ እመጣለሁ። ይልቅ ያቺ የልጅዎ ከረጢት የት ገባች? ቀንቼባት ነበር እኮ።»

«የትኛዋ?»

«ጋባርዲኗ ነቻ። ያን ዕለት ለየሺአረግ ነግሬያታለሁ። ይኼ ከአብዮቱ በፊት የገባ ጋባርዲን ነው፣ አሁን ቢፈልጉት አይገኝም፤ የማንን ሱሪ ቆርጣችሁ ነው አሸዋ የሞላችሁበት ብዬ ስቄባታለሁ። ገልበጥ አድርጋ ስታየው ቆየች። ከዚያ ወዲህ ይዛት መጥታ አታውቅም።»

የሺአረግ ጎንበስ እንዳለች ነው። የጫማ ማሰሪያ ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ደብሪቱ የልጇን ማጅራት አየች፤ ወፍሮ፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ በላብ ረጥቧል። ሙክታር የሚስቅለት ሰው ሲያጣ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወጡ። የሺአረግ ወደ መሥሪያ ቤቷ መሄድ ነበረባት፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ብቻ ነው የሰጧት። በመሀላቸው አንድ ሰው የሚቆምበት ክፍተት ትተው ቆሙ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚቆሙት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ቦታ ማንም አልረገጠውም። ደብሪቱ የሆነ ነገር ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ተናገረች፤ አንዴ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለሚያድልበት ቀን፣ አንዴ ስለ ደመናው። «ስኳሩን ለጎረቤት ስጪው» አለች የሺአረግ። አውቶቡሱ መጣ። ስትሳፈር የብረቱን እጀታ ይዛ ራሷን ወደ ላይ ለመሳብ ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ትኬት ቆራጩም ከውስጥ እጁን ዘርግቶ አገዛት። ደብሪቱ ይህን ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮት የግቢውን በር ያያል። ከመስኮቱ አጠገብ የዓለምሰገድ ወንበር አለ፤ የየሺአረግ ባል የመንገድ ቀያሽ ነበር፣ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ተቀምጦ ጭቃውን ከቦቲው በቢላ ይፍቅ ነበር። በሰባ ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ ከወሰዱት ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም። እንግዳ ሲመጣ የሺአረግ ቶሎ ብላ ሌላ ወንበር ትስባለች። የግቢው በር መቀርቀሪያ ሰዓት እላፊ እስኪደርስ አይገባም። መስከረም በገባ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ይከፈትና ኮቶቹ፣ ሸሚዞቹ፣ ሱሪዎቹ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ጫማዎቹ ቀለም ይቀባሉ፤ ማታ ተመልሰው ይገባሉ። የሺአረግ መወፈር የጀመረችው በዚያ መስኮት ሥር ነው። ከሥራ ትመለሳለች፣ ትቀመጣለች፣ በሩን እያየች ትበላለች፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ፣ እጇ ከሳህኑ ወደ አፏ ሲሄድ ራሷ አታውቀውም። ሰው «ተመስገን፣ ደልቷታል» ይላል። ደብሪቱ ልጇ እንደ ጎተራ እየሞላች ውስጧ ባዶ መሆኑን ታያለች፤ አንድም ቀን ግን አልተናገረችም። የምትናገረው ሌላ ነገር ስለነበራት ይህንን መናገር አልቻለችም።

ነጠላዋን ጥላ ከረጢቶቹን ፍለጋ ጀመረች። ከአልጋው ሥር የሉም። ከጓዳ የሉም። በጓሮ፣ ከጤና አዳሙ ግርጌ፣ አሸዋው ተደፍቶ አገኘችው፤ ዝናብ መትቶት ጠንክሯል፣ ዶሮ ጭሮበታል፤ የትናንት ወይም የትናንት ወዲያ አልነበረም። ወደ ቤት ተመልሳ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ከግራጫው ኮት አጠገብ ጋባርዲኑ ሱሪ ተሰቅሏል። ሱሪ ሆኗል። እሷ በመቀስ አራት ቦታ የቆራረጠችው ጨርቅ እግሩ ከእግሩ፣ ወገቡ ከታፋው ተገጣጥሞ፣ ጉንዳን በጉንዳን ላይ የተሰለፈ በሚመስል ስፌት ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። የጎደለችው አንዲት መዳፍ የምታህል ብጣሽ ብቻ ናት፣ እሷም በሌላ ጨርቅ ተተክታለች። ደብሪቱ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ልጇ እዚህ ተቀምጣ ይህንን ስትሠራ ከርማለች። ሱሪውን ከነመስቀያው አውርዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ተከተለችው።

ለከረጢት ሱሪውን የመረጠችው ነገሩን በደንብ አስባበት ነው፣ እሷ እንደሚመስላት። በመጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፋች፤ አሸዋው ሦስት ጊዜ ቀድዶት ፈሰሰ። የሺአረግ ደግሞ ያኔ ገና ማንሳት የጀመረችበት ሰሞን ነበር፤ ማለዳ ማለዳ መስኮቱ ፊት ቆማ፣ በሹክሹክታ እየቆጠረች፣ ከአሥር ወደ አሥራ አምስት፣ ከአሥራ አምስት ወደ ሃያ ትወጣ ነበር፤ ፊቷ ላይ ደም ታይቶ ነበር። አቡጀዲ ተቀደደ ብላ እንዳታቆም ደብሪቱ ፈራች። ከቁም ሳጥኑ የወንድ ልብስ አንስቶ መቁረጥ የማይሞከር ነው። በራሷ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ግን፣ ከመግነዟ በታች፣ ማንም የማያውቀው ጥቅልል ነበረ። ከዚያ ውስጥ ሱሪውን አወጣች። እንዳይታወቅ ብላ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ ሰፋችው።

ያ ጥቅልል እጇ የገባው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ለታሰረው ዓለምሰገድ ስንቅ የምታመላልሰው የሺአረግ ራሷ ነበረች። ያን ቀን አለቃዋ ፈቃድ ከለከላትና እናቷ ሄደች። እስር ቤቱ በር ላይ ጠባቂው ስሙን ጠየቃት፣ ገባ፣ ቆየ፣ ጥቅልል ይዞ ወጣ። «ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም» አላት። እጁን ወደሚቀጥለው ሰው አዞረ። አንድ ሌላ ሰው ጣቷን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ አስጫናት፤ ያን ጊዜ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ያላት አልነበረም። የያዘችውን ምግብ እንኳ መልሳ ይዛው ሄደች፤ ገና ትኩስ ነበር። ከበሩ ፈንጠር ብሎ አንዲት ሴት እንደሷ ጥቅልል ተቀብላ ስትጮህ ሁለት ሰዎች በብብቷ ይዘው ወደ ውስጥ ሲያስገቧት አየች። በመንገዱ ሁሉ ስታስብ የመጣችው ይህንን ነው፤ የሺአረግ ትጮሃለች፣ የጮኸ ቤት ይታወቃል፣ የታወቀ ቤት ሰው ይወሰድበታል። ቤት ስትደርስ ልጇ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል» አለቻት ደብሪቱ። «የት?» «አልነገሩኝም።» ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ነገ ሰዓት እላፊው ጠበቀ። በወሩ ጎረቤት ታሰረ። በዓመቱ የሺአረግ ኮቱን ፀሐይ አሰጣች፤ ኮቱን የሚያሰጣ ሰው እንዴት ተብሎ ይነገረዋል? እንዲህ እያለ ውሸቱ ከቤቱ ዕቃ አንዱ ሆነ። አንዳንድ ቀን ደብሪቱ ጠዋት ስትነሳ ዓለምሰገድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭቃውን ሲፍቅ የምትሰማ ይመስላታል፤ ቢላው ቦቲው ላይ ክርት ክርት ሲል። ልጇ ለሚመጣ ሰው በር ትከፍታለች፤ እሷ ግን ያልተቀበረ ሰው ቤት እየገባ እየወጣ መሆኑን ታውቃለች።

አሁን ሱሪውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ውስጡን ገለበጠችው። በቀኝ ጉልበቱ በኩል፣ ከውጭ እንዳትታይ ከውስጥ የተሰፋች፣ የቆየች ሰማያዊ እራፊ አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ያኔ ስትቆርጥ አላየቻትም። ገልብጣ ስትሰፋው ግን ያቺን እራፊ አውጥታ ለዓለም አሳይታለች። ማን እንደሰፋት መጠየቅ አያስፈልግም። የሺአረግ ለፋሲካ ስንቅ ስታደርስ ይህንን ሱሪ በእራፊ ጥፋ፣ አጥባ፣ ይዛለት ሄዳ ነበር። እስር ቤት የገባ ሱሪ ነው፤ ቤት ውስጥ ሊገኝ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ልጇ ይህንን ያወቀችው በሐሙስ ቀን፣ በሰው ፊት፣ አንድ ነጋዴ ስለ ጨርቅ እየቀለደባት፣ የባሏን ጉልበት በአሸዋ ተሞልቶ በእጇ እንደያዘች ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሺአረግ ገባች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። እናቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የሺአረግ አየችው፤ አልደነገጠችም። ጫማዋን አወለቀች፣ የቆሰለውን እግሯን በሌላው ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ውጭ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሳ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ» አለች ደብሪቱ፤ «አንድ ቃል አትተነፍሺም?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። መቼም አንድ ቀን ትነግረኛለች አልኩ።»

ደብሪቱ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች። በሕይወቷ ስንቱን አርድታለች። በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የዕድር ሰው መጥቶ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፉት እጆች ግራና ቀኝ ተዘጋጅተው። እንዲህ በምሽት፣ ለብቻ፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አይነገርም። ቢሆንም ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ቆማ ተናገረች። «ዓለምሰገድ ሞቷል። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ። ሱሪውን፣ ሹራቡንና ፎጣውን ሰጡኝ። ሌላ ነገር አልነገሩኝም። ዋሸሁሽ።»

«ሹራቡ የት አለ?»

«ሳጥኔ ውስጥ።»

«አምጪው።»

አመጣችው። የሺአረግ ተቀብላ አፍንጫዋ ጋ ወሰደችው። ምንም አልቀረበትም፤ የናፍታሊንና የሳጥን እንጨት ብቻ ነው የሚሸተው። ደብሪቱ ልጇ እንድትጮህ ጠበቀች፤ ስምንት ዓመት የፈራችው ጩኸት አሁን ቢመጣ እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር። አልመጣም። የሺአረግ ሹራቡን አጥፋ ሱሪው ላይ አኖረችውና እጆቿን አየቻቸው።

«ለምን እንደጀመርኩ ታውቂያለሽ?» አለች። «ኃይለኪሮስ ስለ ጡንቻ ስላወራ መሰለሽ? እንዲህ ሆኜ ሲያገኘኝ እንዳይደነግጥ ነው። መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ሳያውቀኝ ያልፋል ብዬ ነው የፈራሁት። ሃያ ስደርስ፣ አሁን ያውቀኛል እል ነበር።» ሹራቡን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። «አሁን ለማን ልቁጠር? እግሬንም ይውሰዱት። ወዴት ልሄድበት ነው?»

ደብሪቱ መልስ ያጣች ሴት አይደለችም፤ ለቀበሌው ሊቀመንበርም ለቄሱም መልስ አላት። ይቅር በይኝ ማለት አሰበች፤ ግን እንዲህ ያለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ ቢወጣም ቀላል ሆኖ ታያት፤ ስምንት ዓመት ያህል አይመዝንም። ሁለት ወጣት ሴቶች እየሳቁ በመስኮቱ አጠገብ አለፉ። የሺአረግ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ልትዞር አንገቷን አነሳች፤ መሀል ላይ ተወችው። ይህንን፣ ያንን ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ አንገት፣ ደብሪቱ ማየት አልቻለችም። ሄዳ የዓለምሰገድን ወንበር ጎትታ አመጣችና ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠችበት። ወንበሩ ሲንቋቋ የየሺአረግ ዓይን ፈጠጠ።

«ስሚኝ» አለች ደብሪቱ። «ነገ በማለዳ ገብረሰንበትን እጠራለሁ፤ የዕድር ዳኛችን ነው፣ ፈሪ ነው፣ ቢፈራም ድንኳኑን ይተክላል። ቀበሌ ቢጠይቅ እኔን ይጠይቅ። ሦስት ቀን አልቅሺ። ጩኺ፣ ፊትሽን ንጪ፣ እኔንም በሰው ፊት ስደቢ፤ ዋሽታኛለች በያቸው። ከዚያ በኋላ ግን ታነሻለሽ።»

«ለማን ብዬ?»

«ለኔ ብለሽ። አትሳቂብኝ፤ ለኔ። እኔ አንድ ሰው ሳልቀብር ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። እግርሽን ከቆረጡ በኋላ አንቺን እንደ ሕፃን የማዝል ወገብ የለኝም፣ የአንቺን መርዶ የምሰማበት ጆሮም የለኝም። የወለድኩሽ ልትቀብሪኝ ነው፤ ቅበሪኝ። እስከዚያው ጥዪኝ፣ አታናግሪኝ፣ እጄ የነካውን ምግብ አትብዪ። እየጠላሽኝ አንሺ። ወረቀቱን አንቺ አትሞዪም፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ እቆጥራለሁ፣ አንድ ቢጎድል አውቃለሁ።»

የየሺአረግ ትንፋሽ ከባድ ነበር፣ ደረጃ የወጣች ይመስል። ቤቱ እየጨለመ ነው፤ መብራት ያበራ ግን የለም። ደብሪቱ ወደፊት አዘንብላ የልጇን ሁለት እጆች ያዘች፤ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ፣ ጣቶቻቸው በመርፌ የተወጋጉ እጆች ናቸው። የሺአረግ ልትስባቸው ሞከረች፤ አሮጊቷ ግን እንጨት አስራ የኖረች ናት፣ አልለቀቀቻትም።

«ራስሽን ብትነቀንቂ አልቀበልም» አለች ደብሪቱ። «ቃልሽን ስጪኝ። አሁን። በአፍሽ።»